በአጣቢነት የተመዘገቡት አስታማሚ

ስለ ጦርነት በሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀመጠው የጦር አዛዦች ስም ነው፤ ቀጥሎም የወደቀው ሰው ቍጥርና የተማረከው መሣሪያ ይመጣል። ቁስለኛውን ማን አነሣው፥ ደሙን ማን አጠበው፥ ሌሊት ውሃ ሲጠማው ማን ደረሰለት ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልሱን ለማግኘት ብዙ ገጽ መገልበጥ ያስፈልጋል። እርግጥ የእንግሊዛዊቷ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም በየትምህርት ቤቱ ስለሚነገር ልጆቻችንም ሳይቀሩ ያውቁታል። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ግን ከዚህ ራቅ ያለውን ነገር ነው፤ ይኸውም ራሳቸው የሰው ንብረት ተብለው ሲቈጠሩ ኖረው፥ ወይም ከባርነት በወጡ ማግስት፥ ቁስለኛ ያስታመሙትን ሰዎች ኑሮ ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘውም ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን። በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ነበሩ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ጥጥና ሩዝ፥ ሸንኮራና ትንባሆ በሚመረትበት በደቡቡ ክፍል ነበር። ባርነት እንዳይነካባቸው የፈሩት የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ተለይተው የራሳቸውን መንግሥት ስላቆሙ በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 1865ም ቈየ። ከ600 ሺህ የማያንስ ወታደር አለቀ። ከሞተውም ሰው ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል የሞተው በተቅማጥ፥ በታይፎይድ፥ በሳምባ ምች፥ በወባና በፈንጣጣ ነው፤ ጥይት የገደለው ከዚህ ያንሳል። በእንደዚህ ያለ ጦርነት የአስታማሚ እጅ ምን ያህል ያስፈልግ እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የደቡቡ መንግሥት መናገሻ በነበረችው በሪችመንድ ከተማ ቺምቦራዞ የሚባል ታላቅ የጦር ሆስፒታል ነበር። በጦርነቱ ዘመን 76 ሺህ ያህል ሕመምተኛ ተቀብሏል። በዚያ ሆስፒታል ወጥ የሚሠሩት፥ አንሶላ የሚያጥቡት፥ ሕመምተኛውን አገላብጠው የሚያስታምሙት በብዛት ባሮች ነበሩ። ሆስፒታሉ ከጌቶቻቸው በኪራይ ይወስዳቸዋል፤ ገንዘቡንም የሚቀበለው ጌታቸው ነው። በቅሎ ያከራየ ሰው ኪራዩን ቈጥሮ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ያለ ነገር ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥቂት ቆም ብለህ ተመልከተው። በአልጋው ላይ የተኛው ወታደር ድኖ ቢነሣ ተመልሶ የሚዋጋው፥ ያ የሚያስታምመው ሰው ባሪያ ሆኖ እንዲቀር ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ ያ ሰው ውሃውን ያቀርብለታል፥ ጨርቁን ይለውጥለታል። ከእነዚህ አስታማሚዎች የብዙዎቹ ሐሳብ ከራሳቸው ጋር ተቀብሯል፤ ፊደል መማር በሕግ የተከለከለባቸው ሰዎች ናቸውና።

ይህን የምንጽፈው የሌላውን አገር ነውር ለመቍጠር ብለን እንዳይመስል፥ በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942፥ በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከሰሜኑ ወገን ካስታመሙት መካከል ግን አንዲት ሴት ፊደል ስለ ቈጠረች የኑሮዋን ታሪክ በገዛ እጅዋ ለመጻፍ በቃች። ሱዛን ቤከር ትባላለች፤ ሱዚ ብለው ይጠሯታል። የተወለደችው ኦገስት 6 ቀን 1848 በጆርጂያ ግዛት ሊበርቲ በሚባል አውራጃ ነው። ሊበርቲ ማለት ነጻነት ማለት ነው፤ እርስዋና ወላጆችዋ ግን በዚያው በነጻነት አውራጃ ባሮች ነበሩ። ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናት በጌታዋ ፈቃድ ሳቫና በሚባለው የወደብ ከተማ ከሚኖሩት ከሴት አያቷ ከወይዘሮ ዶሊ ሪድ ዘንድ ሄዳ ተቀመጠች።

እኚህ አያት ብርቱ ሴት ነበሩ። ጋሪ ተከራይተው ስጋ፥ ትንባሆ፥ ዱቄትና ስኳር ወደ ገጠር ይወስዱና በዶሮና በእንቁላል ለውጠው ይመለሳሉ። የልጅ ልጃቸውንም ማስተማር ፈለጉ። በጆርጂያ ሕግ ጥቁርን ሰው ንባብና ጽሕፈት ማስተማር በገንዘብ መቀጮና በግርፋት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ዉድሃውስ የሚባሉ፥ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ነጻ ጥቁር ሴት በቤታቸው ጓዳ ከ25 እስከ 30 የሚሆኑ ልጆች በስውር ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ መጻሕፍታቸውን ፖሊስ ወይም ነጭ ሰው እንዳያይባቸው በወረቀት ጠቅልለው ይሄዳሉ። ከበሩም ሲደርሱ ተሰብስበው አይገቡም፤ አንድ ባንድ፥ እየተጠባበቁ ነው። ጎረቤቱም የእጅ ሥራ የሚማሩ ይመስለው ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃም እንደ ገቡት አንድ ባንድ ይወጣሉ። እኛ መምህራን ተማሪ ደብተሩን ረስቶ ሲመጣ እንቈጣለን፤ የእነዚያ ልጆች ችግር መጽሐፍ ይዞ መታየት ነበር።

ሱዚ በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ተማረች። ቀጥላም ወደ ሌላ ጥቁር መምህርት ሄደች፤ እኚህም የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሯት። ከዚያም በኋላ በሴት መነኮሳት ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ነጭ ባልንጀራዋ ለአባቷ እንዳትናገር አስምላ ማታ ማታ አስጠናቻት። በመጨረሻም የቤታቸው አከራይ ልጅ፥ ወደ ጦር ሜዳ እስኪጠራ ድረስ፥ ጥቂት አስተማራት። እንዲህ እየተለቃቀመ የተገኘው ትምህርት ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ከምሽቱ 9 ሰዓት ደወል በኋላ በመንገድ የተገኘ ጥቁር ሰው ጌታው ወይም ጠባቂው የፈረመበት የይለፍ ወረቀት ከሌለው ይታሰር ነበርና፥ ሱዚ ለአያቷ የይለፍ ወረቀት ትጽፍላቸው ጀመር።

አያትየው ግን አንድ ምሽት ከከተማው ዳር በተደረገ የጸሎት ጉባኤ ሳሉ ተያዙ። ጥፋታቸው ከጉባኤው ጋር ስለ ነጻነት መዘመራቸው ነው፤ ፖሊሶቹም በመዝሙሩ ውስጥ ጌታ የተባለው የሰሜኑ ሠራዊት ነው ብለው ጉባኤተኛውን ሁሉ ወሰዱት። ፖሊሶቹ ትርጓሜውን በጣም አልሳቱም ለማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ልጅቱ ወደ እናቷ ወደ ገጠር ተመለሰች።

በአፕሪል 1862 የሰሜኑ ሠራዊት በሳቫና ወንዝ አፍ ያለውን የፑላስኪን ምሽግ በመድፍ ደበደበ። ድምፁ ሱዚ ካለችበት ድረስ ይሰማ ነበር። ምሽጉ በሁለተኛው ቀን እጁን ሰጠ፤ እርስዋም ወዲያው ከአጎቷና ከቤተ ሰቡ ጋር በባሕሩ ዳር ወዳሉት ደሴቶች አምልጣ በሰሜኑ የጦር መርከብ ተሳፈረች። የመርከቡ አዛዥ ማንበብና መጻፍ እንደምትችል ሲሰማ አላመነም፤ ፈተናትና አነበበች፥ ጻፈችም። በመርከብ ወደ ሴንት ሳይመንስ ደሴት ከደረሰች በኋላ የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ትምህርት ቤት እንድትከፍት ጠየቋት፤ መጻሕፍት ከሰሜን እንዲላክላት አድርጋ ቀን 40 ያህል ሕፃናትን፥ ማታ ደግሞ ከእርሻ ሥራ የተመለሱትን ጎልማሶች ማስተማር ጀመረች። ዕድሜዋ 14 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

በዚያው ዓመት በመጸው ደሴቲቱ ስትለቀቅ ሱዚ በደቡብ ካሮላይና ቦፎርት በሚባል ስፍራ አጠገብ ወደ ተሠራው የጦር ሠፈር ተሻገረች። በዚያ ስፍራ ከባርነት ካመለጡ ሰዎች የተመለመለ አንደኛው የደቡብ ካሮላይና በጎ ፈቃደኞች ክፍለ ጦር ተቋቁሞ ነበር፤ ኋላ 33ኛ ተብሏል። አዛዡ ከሰሜን የመጡት ኮሎኔል ሂጊንሰን ናቸው። ሱዚ ከዚህ ክፍለ ጦር ሃምሳ አለቃ ከኤድዋርድ ኪንግ ጋር ተጋባች፤ እኛም ከእንግዲህ ወይዘሮ ሱዚ እያልን በአክብሮት እንጠራቸዋለን፥ ምንም እንኳ ዕድሜያቸው ገና የተማሪ ዕድሜ ቢሆን።

በመዝገብ የገቡት በልብስ አጣቢነት ነው። ክፍለ ጦሩ ለየሻምበሉ አጣቢ እንዲኖረው ሕግ ይፈቅድለት ነበርና በዚያ ስም ተጻፉ። እርሳቸው ግን ስለ ዘመኑ ሲያወሱ ልብስ ያጠቡት እጅግ ጥቂት እንደ ሆነና ዘወትር በሠፈሩ ውስጥ በሌላ ሥራ ተይዘው ይውሉ እንደ ነበር ጽፈዋል። ሌላው ሥራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ወታደሮቹ ከጥበቃ ሲመለሱ ፊደል ያስቈጥራሉ። ለማይችሉት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጠመንጃ ፈታትተው ይጠርጋሉ፥ መልሰው ይገጥማሉ፤ መተኰስም ተምረው ዒላማ ይመቱ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛና ቁስለኛ ያስታምማሉ።

በ1863 መጀመሪያ ኤድዋርድ ዴቪስ የተባለ የሻምበላቸው ወታደር በፈንጣጣ ዓይነት ሕመም ተያዘ። ከሰው ተለይቶ በብቻው ድንኳን ተኛ፤ ከሐኪሙና ከአንድ የሠፈሩ ሹም በቀር ወደ እርሱ የሚቀርብ አልነበረም። ወይዘሮ ሱዚ በየቀኑ እየገቡ አስታመሙት። አስቀድመው ክትባት ስለ ተከተቡ አልፈሩም፤ ደም ያጠራል የሚባለውንም የሳሳፍራስ ሥር እያፈሉ ይጠጡ ነበር። የጠበቃቸው ክትባቱ እንጂ ሥሩ እንዳልሆነ ዛሬ እናውቃለን፤ ድፍረቱ ግን የራሳቸው ነው። ሰውየው አልዳነም።

በጁላይ 18 ቀን 1863 ምሽት የማሳቹሴትስ 54ኛ የጥቁሮች ክፍለ ጦር በቻርልስተን ወደብ አጠገብ ያለውን የዋግነርን ምሽግ በግንባር ሲያጠቃ ብዙ ሰው አለቀበት፤ ቁስለኛው በመርከብ እየተጫነ ወደ ቦፎርት መጣ። ከከተማው ቤቶች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሆኑ። በዚያው ዓመት ኋላ የአሜሪካን ቀይ መስቀል ያቋቋሙት ክላራ ባርተን ወደዚያ ስፍራ መጥተው ነበርና ወይዘሮ ሱዚ ሆስፒታል ሲጐበኙ ያገኟቸዋል። ለጥቁር ወታደሮች ያሳዩ የነበረውን ደግነት በመጽሐፋቸው አመስግነዋል።

በ1864 ክረምት ደግሞ ክፍለ ጦሩ በጄምስ ደሴት ተዋግቶ ብዙ ቁስለኛ መጣ። እጁ የተቈረጠ አለ፥ እግሩ የተቈረጠ አለ። ወይዘሮ ሱዚ የሚሰጡት ምግብ ፈልገው ያጣሉ፤ በሠፈሩ ያለው በጨው የደረቀ ሥጋና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ብስኩት ነው፤ ይህን ደግሞ የታመመ ሰው አይውጠውም። በእጃቸው የነበረው ጥቂት የቆርቆሮ ወተትና የኤሊ እንቁላል ብቻ ነበር። ይሳካል ብለው እምብዛም ሳይታመኑ እንቁላሉን ከወተቱ መትተው አበሰሉት፤ ለስላሳ ሆኖ ወጣላቸውና ወደ ሆስፒታሉ ይዘው ሄዱ። ቁስለኞቹ እጅግ ደስ ብሏቸው በሉት። ለበሽተኛ የሚሆን ምግብ ማዘጋጀት ከሕክምና ሥራ የማይለይ መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቃሉና ይህን ታሪክ በተለይ ለእነርሱ ስንል አስረዝመናል።

ወይዘሮ ሱዚ በጦርነት ጊዜ የሰው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ እያሰቡ ይደነቁ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ፊት የሚያስመልሰውን ቍስል አይቶ ፊትን አለመመለስ፥ ይልቁንም ፈጥኖ ውሃ ይዞ መቅረብ፥ ከየት እንደሚመጣ ለራሳቸውም ግራ ያጋባቸዋል።

ስለ ደመወዝ ጥቂት እንበል። ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል ለጥቁሩ 10 ዶላር ተቈርጦ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ዶላር ይነሣበታል፤ 7 ዶላር ይቀረዋል። ወታደሮቹ ሙሉ ተብለው የገቡትን ግማሽ አንቀበልም ብለው 18 ወር ያለ ደመወዝ ዘመቱ። ሚስቶቻቸው ለመኰንኖች ልብስ እያጠቡ፥ ዳቦ እየጋገሩ ልጆቻቸውን አሳደሩ። በመጨረሻ ሙሉ ደመወዛቸው ከነውዝፉ ተከፈለ። ወይዘሮ ሱዚ ግን፥ እርሳቸው እንደ ቈጠሩት፥ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሲያገለግሉ አንዲት ዶላር አልተቀበሉም፤ ከክፍለ ጦሩ ጋር በመሆኔ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር ሲሉ ነገሩን በአጭሩ ያልፉታል። እኛ ግን እንዲህ በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም።

እንዲህ የሆኑት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። በስውር ብዙ ባሮችን እየመሩ በማሻገር የታወቁት ሐሪየት ተብማን፥ እርሳቸውም ከባርነት ያመለጡ፥ በዚያው በቦፎርት ተቅማጥ የያዛቸውን ወታደሮችና ስደተኞች ሥርና ቅጠል እያፈሉ ያስታምሙ ነበር። ከመንግሥት የሚሰጣቸው ቀለብ በወገኖቻቸው ዘንድ ቅሬታ ቢያመጣ ትተውት ቀን ሲያስታምሙ ውለው ሌሊት ለገበያ የሚሆን ጣፋጭ ይጋግሩ ነበር። በጁን 1863 ደግሞ በኮምባሂ ወንዝ ለተደረገው ዘመቻ መንገድ መርተው ከ700 በላይ ባሮች ነጻ ወጡ። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሰው ሬድ ሮቨር በተባለው የሆስፒታል መርከብም አን ስቶክስ የሚባሉ፥ በቴኔሲ በባርነት የተወለዱ ሴት ከካቶሊካውያን መነኮሳት ጋር ያስታምሙ ነበር። የባሕር ኃይሉ እኚህን ሴት በምን ማዕረግ እንደ መዘገባቸው ቢነገር ያስቃል፤ አንደኛ ደረጃ ወንድ ልጅ ተብለው ነው። መዝገቡ ለሴት የሚሆን ማዕረግ አልነበረውም።

ጦርነቱ አብቅቶ ክፍለ ጦሩ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1866 ተሰናበተ። ወይዘሮ ሱዚና ባለቤታቸው ወደ ሳቫና ተመለሱ፤ እርሳቸው በቤታቸው በወር አንድ ዶላር እያስከፈሉ 20 ያህል ልጆች ያስተምሩ ጀመር። ባለቤታቸው ጥሩ አናጢ ነበሩ፤ ነገር ግን ለጥቁር አናጢ ሥራ የሚሰጥ ስላልተገኘ በወደብ ዕቃ አራጋፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞቱ፤ ወንድ ልጃቸው የተወለደው ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። ጥቂት ቈይቶ በከተማው ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተ የወይዘሮ ሱዚ ተማሪዎች ወደዚያ ሄዱ። የሚያስተምሩበት አጥተው ሕፃኑን ከእናታቸው ዘንድ ትተው በሰው ቤት ተቀጠሩ። በ1872 ለባለቤታቸው ይገባ የነበረውን 100 ዶላር የአገልግሎት ገንዘብ ካስወጡ በኋላ የተቀጠሩት በአንዲት ባለጸጋ እመቤት ቤት በልብስ አጣቢነት ነው። በጦር ሜዳ በመዝገብ ብቻ የነበረው የአጣቢነት ሥራ በሰላም ዘመን እውነተኛ ሆነ። ኋላም ወደ ቦስተን ሄደው በ1879 ራስል ቴይለር የሚባሉትን ሰው አገቡ፤ የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳ የሴቶች ማኅበርም ከመሠረቱት አንዷ ሆነው በ1893 በሊቀ መንበርነት መሩት።

በ1892 የአሜሪካ ምክር ቤት በጦርነቱ ላስታመሙ ሴቶች በወር 12 ዶላር ጡረታ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ሕጉ ስድስት ወር ያላነሰ አገልግሎትን፥ ደግሞም ሥልጣን ባለው ሹም በአስታማሚነት መቀጠርን ይጠይቃል። ሁለተኛው ቃል ብዙ ሴቶችን ከደጅ አስቀራቸው። ጥቁር ሴቶች ሥራቸው ማስታመም ቢሆንም የተጻፉት በብዛት በአጣቢነትና በወጥ ቤት ሠራተኛነት ነበርና። አን ስቶክስ በባሕር ኃይል መዝገብ ስለ ተገኙ ከሕጉ አስቀድሞ በ1890 ጡረታ አገኙ፤ ያ የሚያስቀው ማዕረግ ጠቀማቸው። ተብማን እስከ 1899 ድረስ ደጅ ጠኑ። የወይዘሮ ሱዚን ነገር በተመለከተ የቀድሞ አዛዣቸው ኮሎኔል ትሮውብሪጅ በ1902 ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል፤ በአንድ የሥርዓት ምክንያት ስማቸው ከጦር አስታማሚዎች የጡረታ መዝገብ በመቅረቱ ከልብ እንዳዘኑና ከእርሳቸው ይበልጥ የሚገባው ሰው እንደማያውቁ ይናገራሉ። ወይዘሮ ሱዚ ደብዳቤውን በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አኖሩት።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከጦርነቱ ታሪክ ይልቅ ለማንበብ የሚከብደው የ1898 ታሪክ ነው። ከአባቱ በኋላ የተወለደው አንድ ልጃቸው ከተጓዥ ቴያትር ቡድን ጋር ሳለ በሉዊዚያና ግዛት ታመመና እናቱን አስጠራ። በባቡር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ለጥቁሮች ወደ ተለየው ፉርጎ እንዲዛወሩ ተደረገ። ልጁ ደም ይተፋል፥ ቁጭ ማለት አልቻለም፤ ወደ ቦስተን ወስደው ሊያስታምሙት ቢፈልጉ በመኝታ ፉርጎ አልጋ እንዲሸጥላቸው ለመኑ። ጥቁር ነውና ተከለከሉ። አባቱ ለዚያች አገር አንድነት መዋጋቱን፥ እናቱም ወታደሮቿን ማስታመሟን አስበው ምሬታቸውን ሳይደብቁ ጽፈዋል። ልጃቸውም በዚያው ሞተ።

ወይዘሮ ሱዚ ኪንግ ቴይለር ኦክቶበር 6 ቀን 1912 በቦስተን ዐረፉ። በመቃብራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመው በ2021 ነው። በሳቫናም ባርነትን አጥብቀው ይከላከሉ በነበሩት በምክትል ፕሬዚዳንት ካልሁን ስም ይጠራ የነበረውን አደባባይ የከተማው ምክር ቤት በ2023 ስሙን ለውጦ የቴይለር አደባባይ ብሎታል።